ብርዱን የሚችል አትክልት፦ ምን ይመረጥ፣ መቼ ይዘራ? (የውይይት ክር)

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤቴ ጀርባ አራት መደቦች አሉኝ። አሁን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነን (ወሮቹን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው)። ቲማቲሙ እየደከመ ነው፣ ቃሪያው ገና ይሰጣል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ውርጭ ቃሪያውን ሲያጠቁረው በሩን ዘግተን እስከ ሚያዝያ ጓሮውን አናየውም። ያ ሁሉ ጊዜ መሬቱ ባዶውን መክረሙ በጣም ይቆጨኛል። ጎመን በየሳምንቱ የሚሠራበት ቤት ጎመን ከሱቅ ሲገዛ መክረም የለበትም ባይ ነኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። ግሪንሃውስ የለኝም፣ ማሞቂያም አላስገባም። ከአሁን ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ምን ብዘራ ብርዱን ይችላል? ሁለት ዓይነት ነገር ነው የምፈልገው። አንደኛው ዊንተር ላይ እየተቆረጠ የሚበላ። ሁለተኛው መሬት ውስጥ ከርሞ ስፕሪንግ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ። ያሰብኳቸው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት እና ባቄላ ናቸው። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

መልሶቹ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ዘልቀዋል። ከመሐል ገብቶ የሚያነብ ሰው ግራ እንዳይጋባ በየቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እናት ናቸው። መጀመሪያ ጓሮዬን መረቁልኝ። ከዚያ ጎመኑን በዘር ለመጀመር ጊዜው እንዳለፈ በትህትና ነገሩኝ። እሳቸው ኮላርድ የሚባለውን ሰፊ ቅጠል ያለው የፈረንጅ ጎመን የሚዘሩት ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ችግኙን ወደ መደብ ያዛውሩታል። አሁን ግን ችግኝ ከሚሸጥበት ቦታ ገዝቼ ቶሎ ብተክል እንደሚደርስልኝ አበረታቱኝ።

በጣም የወደድኩት ግን የጾሙን ነገር ማንሳታቸው ነው። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ጥሩ ጥሩ ውርጭ የሚወርደው ያኔ ነው። ጎመን ውርጭ ሲያገኘው ይጣፍጣል። ተክሉ ውስጡ እንዳይቀዘቅዝ ስኳር ስለሚያጠራቅም ነው። ስለዚህ እሳቸው ዘሩን የሚቆጥሩት ከጾሙ ወደ ኋላ ነው። ለገና ጾም የሚበላው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይገባል። ለዐቢይ ጾም የሚደርሰው መስከረም ላይ ይዘራል። ከዚህ የተሻለ የመዝሪያ ካላንደር ለሐበሻ ቤት አላየሁም።

መልስ 2

የክሩ ዋና መልስ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ሜሪላንድ ውስጥ አትክልት አምራች ጋ የሚሠራ ወንድም ነው። ሁላችንም ስለ ብርድ ስናወራ እሱ ስለ ብርሃን አነሳ። ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ሲያጥር አብዛኛው አትክልት ማደጉን ያቆማል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይህ የሚሆነው ከህዳር አጋማሽ ትንሽ ቀደም ብሎ እስከ ጥር አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ተክሉ አይሞትም፣ ግን አዲስ ቅጠል አያወጣም። ህዳር ላይ መደቡ ጎተራ ነው፤ ያስገባኸውን ታወጣለህ እንጂ አይጨምርልህም።

ከዚህ ተነስቶ ሁለቱን ፍላጎቶቼን ለየልኝ። ዊንተር ላይ ልቆርጠው የምፈልገው ነገር ህዳር ሳይጋመስ ሙሉ ቁመቱን ይዞ መገኘት አለበት። ከርሞ እንዲነሳ የምፈልገው ደግሞ ትንሽ ሆኖ፣ ሥር ይዞ መግባት አለበት። ቆስጣ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስከረም መግቢያ ላይ የተዘራ ቆስጣ ለታኅሣሥ ይቆረጣል። መስከረም መጨረሻ ላይ የተዘራው ሦስት አራት ቅጠል ይዞ መሬት ላይ ተለጥፎ ይከርማል፣ የካቲት ላይ ብድግ ይላል።

አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ቆስጣ ስል ስፒናች ማለቴ ከሆነ ነሐሴ ላይ እንዳልዘራው። አፈሩ ሞቃት ሲሆን ዘሩ በደንብ አይበቅልም። ግንዱ ሰፊ የሆነውን ቆስጣ ማለቴ ከሆነ ደግሞ እሱ እንደ ስፒናች ብርድ አይችልም፣ ሳይሸፈን መክረሙ ያጠራጥራል።

መልስ 3

አንድ ልጅ አመስግኖ አጭር ጥያቄ ጨመረ። እናቱ ከአገር ቤት የላኩለት የጎመን ዘር አለው። የሐበሻው ጎመን ዊንተር ይችል ይሆን?

መልስ 4

አትላንታ ያለች እህት ደስ ብሏት ነው የመለሰችው። እሷ ጋ የሐበሻ ጎመን ጥቅምት ላይ ተዘርቶ ዊንተሩን ሙሉ ይበላል። እንዲያውም በጆርጂያና በሰሜን ፍሎሪዳ ገበሬዎች ይህንኑ የእኛን ጎመን በዊንተር እንደሚዘሩት ነገረችን። እነሱ የሚፈልጉት ቅጠሉን ሳይሆን ዘይቱን ነው፤ ለአውሮፕላን ነዳጅ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት በዚህ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በርሯል። በ2018 ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን የሄደ የመንገደኛ አውሮፕላን 10 በመቶ ያህሉን ቀላቅሎ ተጠቅሟል።

ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ግን እናቶቻችን ምጣድ ያሟሹበት የነበረው የጎመን ዘር ይህን ያህል ርቀት መሄዱ ሁላችንንም አስደስቶናል።

መልስ 5

ፌርፋክስ ያለ ሰው ደስታውን ቀነስ አደረገው። ጆርጂያ ሌላ፣ ቨርጂኒያ ሌላ መሆኑን አስረዳ። የእሱ የሐበሻ ጎመን እስከ ታኅሣሥ ጥሩ ነበር። በዲሴምበር 2022 የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ድንገት የመጣው ብርድ ግን በአንድ ሌሊት ጨረሰው። ቀን ላይ ሞቅ ያለ ነበር፣ ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ወረደ። ተክሉ ለመላመድ ጊዜ አላገኘም። ጎኑ የነበረው ኮላርድ የውጭ ቅጠሎቹ ነጭ ሆነው ወደቁ፣ ልቡ ግን ተረፈ። መጋቢት ላይ እንደገና አቆጠቆጠ።

የእሱ ምክር የሐበሻውን ጎመን ቶሎ ዘርቶ ከገና በፊት ጨርሶ መብላት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለኮላርድ መተው።

መልስ 6

እዚህ ጋ ንግግሩ መረር ማለት ጀመረ። አንድ ሰው ኮላርድ ጎመን ነው መባሉን ጭራሽ አልተቀበለውም። ቅጠሉ ቆዳ እንደሚመስል፣ ሁለት ሰዓት ቢቀቀል እንደማይበስል፣ ጎመን በሥጋ በኮላርድ መሥራት ሥጋውን ማባከን እንደሆነ ጻፈ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

መልስ 7

የአሌክሳንድሪያዋ እናት ተመልሰው መጡ። ድምፃቸውን ሳያነሱ ልኩን ነገሩት። ኮላርድ የሚጠነክረው ነሐሴ ላይ በሙቀት የተቆረጠ ሲሆንና ቅጠሉ ሲያረጅ ነው። ከውርጭ በኋላ፣ የመዳፍ ስፋት ያለውን ከላይ ከልቡ አጠገብ ቢቆርጥ፣ የመሐሉን ጅማት ቢያወጣ እና በስሱ ቢከትፈው ይበስላል። ይህን ሳይሞክሩ ተክሉን መስደብ ተገቢ እንዳልሆነም አከሉ።

ሌላ ሰው ደግሞ በዚያው መልስ ሥር ሬድ ራሺያን የሚባለውን ኬል ጠቆመ። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበስላል፣ ብርድም ይችላል። እኔም ይህንን እደግፋለሁ። ከፈረንጅ ጎመኖች ሁሉ ለእኛ ጎመን የሚቀርበው እሱ ነው። ከኮላርድ ደግሞ ቬትስ የሚባለው ዝርያ አጭር ስለሆነ ነፋስ አይጥለውም፣ ብርድም ይችላል። እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ድረስ ሳይሸፈን ሲቆም ይታያል።

መልስ 8

ስለ ነጭ ሽንኩርት የመጣው መልስ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ጸሐፊዋ ፍሬድሪክ አካባቢ ሰፋ ያለ መሬት ያላት እህት ናት። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ቢባል ነጭ ሽንኩርት እንደምትመርጥ ነው የጻፈችው። ምክንያቷ ግልጽ ነው፦ ብርድ አይጎዳውም፣ አጋዘን አይበላውም፣ ዊንተር ላይ እንክብካቤ አይጠይቅም፣ ቁሌት ያለ እሱ አይሆንም።

አተካከሏን በዝርዝር ጻፈች። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ህዳር መጀመሪያ ድረስ ይተከላል። የነጭ ሽንኩርቱ ራስ የሚፈለፈለው በሚተከልበት ቀን ነው። ትላልቁ ፍሬ ለዘር፣ ትንንሹ ለወጥ። ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይቀበራል። በፍሬና በፍሬ መካከል 15 ሴንቲሜትር ይተዋል። ከላይ ጭድ ይጎዘጎዛል። ጭድ እንጂ ድርቆሽ አይደለም፤ ድርቆሹ የሣር ዘር ይዞ ይመጣና ስፕሪንግ ላይ አረም ያሳድድሃል።

ህዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ቢል መደንገጥ አያስፈልግም። ጫፉ ቢቃጠል እንኳ ሥሩ ይኖራል። ግንቦት ላይ ጠንካራ አንገት ያለው ዓይነት መሐሉ ላይ ጥምዝ ያለ ግንድ ያወጣል። እሱ ተቆርጦ በቅቤ ይጠበሳል፣ ራሱም ይወፍራል። ሰኔ ላይ የታችኛው ቅጠል ሢሶው ቢጫ ሲሆን ይነቀላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይንጠለጠላል።

ዝርያ ስትመርጥ ሙዚክ የሚባለውን ትወዳለች። ከአንድ ራስ ከ4 እስከ 6 ትልልቅ ፍሬ ይወጣል፤ ለመላጥም አያስቸግርም። እስከ ሚያዝያ እንዲቀመጥ የፈለገ ግን ለስላሳ አንገት ያለውን እንዲተክል መከረች።

መልስ 9 እና 10

አንዱ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ብሎ ተነሳ። እሱ መጋቢት ላይ ተክሎ ሰኔ ላይ ነቅሏል። የፍሬድሪኳ እህት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ የነቀለው በፍሬ የተከፋፈለ ነበር ወይስ አንድ ድብልብል? ድብልብል እንደነበር አመነ። ነጭ ሽንኩርት ተከፋፍሎ ራስ እንዲሠራ ሳምንታት የሚቆይ ብርድ ማግኘት አለበት። ያንን ሳያገኝ ከቀረ ትንሽዬ ሽንኩርት መስሎ ይቀራል። ሰውየው ይህን ሲሰማ አልተከራከረም፣ አመስግኖ ወጣ። በዚህ ክር ውስጥ ካየኋቸው ጨዋ ምላሾች አንዱ ነው።

መልስ 11

ከሱቅ የተገዛ ነጭ ሽንኩርት መትከል ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱ ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዳንዶቹ ተክለው እንደበቀለላቸው መሰከሩ። የአትክልት አምራቹ ወንድም ግን በቁጣ ማለት ይቻላል ተቃወመ። በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ነጭ አበስብስ የሚባለው የሽንኩርት በሽታ አንዴ መሬት ከገባ ከ20 ዓመት በላይ አፈሩ ውስጥ ይቆያል። አገር ቤት ነጭ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ከዚሁ በሽታ ጋር ምን ያህል እንደሚታገሉ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለጥቂት ዶላር ብሎ የጓሮን አፈር ለዕድሜ ልክ ማበላሸት አያዋጣም፤ ከታመነ ዘር ሻጭ መግዛት ይሻላል። በዚያው መደብ ላይ ሦስት አራት ዓመት ሽንኩርት አለመመለስም ግዴታ ነው።

እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 12

ሚኒያፖሊስ ያለ ወንድም የዲሲ ሰዎችን ምክር እንዳለ እንዳይወስዱ የአካባቢውን ሰዎች አስጠነቀቀ። እነሱ ጋ ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች የሚሆነው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። መሬቱ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። ጎመን ደጅ አይከርምም። ለእነሱ የሚሆነው ጠንካራ አንገት ያለው ነጭ ሽንኩርት ነው። እሱም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ተተክሎ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጭድ ተደርቦበት። በረዶው ራሱ ጥሩ ብርድ ልብስ ነው። አደገኛው በረዶ የሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት ነው።

መልስ 13

ባቄላዬን የሚያነሳልኝ አጥቼ ነበር። ሲያትል ያለች እህት አነሳችልኝ። እነሱ ጋ ብርዱ ለስላሳ ነው። ባቄላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይዘራል፣ አንድ ስንዝር ሆኖ ይከርማል፣ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ እሸት ይበላል። አኳዱልቼ የሚባለው ዝርያ ለዚሁ የታወቀ ነው። የእነሱ ችግር ብርድ ሳይሆን ዝናብና ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። ማታ ማታ በባትሪ እየለቀመች ነው የምታድነው።

እሸት ባቄላ ከሽፋኑ እየተፈለፈለ ሲበላ ያለውን ጣዕም ስትጽፍ እኔም ሌሎችም አፋችን ምራቅ ሞላ። ግን ለሜሪላንድ ቃል አልገባችም።

መልስ 14

የፌርፋክሱ ሰው ለሜሪላንድ መለሰልኝ። ባቄላ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሲደርስ ይጎዳል። እኛ ጋ በአብዛኛው ዓመት አንድ ሁለት ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል። በሌላ በኩል ዘግይቶ ቢዘራ አበባው ላይ ሙቀት ይደርስበትና ይረግፋል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ጥቅምት ላይ ዘርቶ በክፉ ሌሊት መሸፈን፣ ወይ አፈሩ እንደላላ የካቲት መጨረሻ ላይ መዝራት። እሱ ሁለተኛውን ይመርጣል። እኔ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ልሞክር ብያለሁ። ይህንን ስጽፍ እብደት ነው ያለኝ አለ፤ ዘሩ የራሴ ነው።

መልስ 15

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደጉ አባት ከዳላስ ጻፉ። ስለ ውርጭ እሳቸውን የሚያስተምር እንደሌለ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። የጥቅምትና የህዳር ውርጭ ያልደረሰ ባቄላ እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚያጠቁር አይተው አድገዋል። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ጸጥ ባለ ሌሊት ነው። ደመና ካለ ተኙ። ኮከብ ጥርት ብሎ ከታየ ጨርቅ አልብሱ።

የአለባበሱንም ነገር አረሙልን። ብዙዎቻችን ላስቲክ በቀጥታ ቅጠሉ ላይ እንጥላለን። ላስቲኩ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ስስ ነጭ የአትክልት ጨርቅ፣ ወይም አሮጌ አንሶላ፣ በቆልማማ ሽቦ ላይ ተወጥሮ ዳሩ በድንጋይ መያዝ አለበት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ። በውርጭ የደረቀ ጎመን ጠዋት ላይ አይነካም። ቅጠሉ እንደ ሞተ ሰው እጅ ተንጠልጥሎ፣ ጠቆር ብሎ፣ ብርጭቆ መስሎ ይታያል። የማያውቅ ሰው ነቅሎ ይጥለዋል። እስከ ቀትር ከተተወ በረዶው ይሟሟል፣ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ምንም ያልሆነ ይመስላል። መቁረጥ ያኔ ነው። እንደ በረዶ ደርቆ ሳለ ከተቆረጠ ቤት ሲገባ ውሃ ሆኖ ይቀራል።

መልስ 16

እዚህ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው አንድ እስር ኮላርድ በሁለት ሦስት ዶላር እየተሸጠ ሰው በብርድ ጓሮ ውስጥ መንከላወሱ ጊዜ ማባከን እንደሆነ ጻፈ። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ እንደሆነም አከለበት።

መልስ 17

ሦስት ሰዎች ተረባርበው መለሱለት። አንደኛዋ ሁለት ሥራ እየሠራች ጓሮዋን እንደምታለማ ነገረችው። ሁለተኛው ለአባቱ ሲል እንደጀመረው ጻፈ። ሽማግሌው ከአገር ከመጡ ወዲህ ቤት ተቀምጠው ተጨንቀው ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው መደቡን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ የወጣውን የወደቀውን ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ግን ሰውየውን ሰነፍ ብሎ ሰደበው፣ ስድቡም ተመለሰለት። እኔ ገብቼ ሁለቱም እንዲያቆሙ ለመንኩ። ስለ ጎመን ስንነጋገር ሰው መሰዳደቡ ያሳዝነኛል። ዋጋውን ያነሳው ሰው በአንድ በኩል ልክ ነው፣ ጎመን ርካሽ ነው። ግን ጠዋት የተቆረጠና ሳምንት መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎመን አንድ አይደለም።

መልስ 18 እና 19

የመልስ 3 ልጅ ተመልሶ መጣ። አክስቱ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ የጎመን፣ የድንብላል እና የነጭ ሽንኩርት ዘር በሻንጣ እንድታመጣ አዟታል። የፈለገ ካለ እንደሚያካፍል በደግነት ጻፈ።

የአትክልት አምራቹ ወንድም በጣም ተቆጣ። ለመትከል የሚሆን ዘር ወደ አሜሪካ ሲገባ የጤንነት ማረጋገጫ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ሻንጣ ውስጥ ያለውንም ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ዘርቶ መቀጣት የማይፈልግ ሰው አክስቱን እዳ ውስጥ አይከትም። ከቅጣቱም በላይ ግን የሽንኩርቱ በሽታ እንደሚያሳስበው፣ መልስ 11 ላይ የጻፈውን ማንም እንዳላነበበ በምሬት ተናገረ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። ልጁ ቅር ብሎት ዝም አለ። ይዘቱ ግን ትክክል ስለሆነ መልሱን አላነሳሁትም። የሐበሻ ጎመን ዘር እዚሁ አሜሪካም የሚሸጡ ዘር ሻጮች አሉ።

መልስ 20

ፍራንክፈርት ያለች እህት እንግዳ ነገር አመጣች። ጀርመኖች ፌልድዛላት የሚሉት ትንሽ ሰላጣ አለ። ነሐሴና መስከረም ላይ ይዘራል፣ በረዶ ሥር ሆኖ እንኳ አይሞትም። ሥሩ ላይ በቢላ ተቆርጦ እንዳለ ይበላል። ከቃሪያ ስንጥቅና ከሎሚ ጋር ጥሩ ሰላጣ ይወጣዋል። ማንም ከዚህ በፊት አልሞከረውም። እኔ አንድ ፓኬት አዝዣለሁ።

መልስ 21

እስራኤል፣ ሬሆቦት ያሉ እናት የእኛን ጭንቀት አንብበው አዘኑልን። እሳቸው ጋ ዊንተር ማለት ዝናብ ማለት ነው። ባቄላው ከጥቅምት እስከ ህዳር ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ይዘራል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ እሸቱ ይደርሳል። ጎመን፣ ድንብላል፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም የሚያምርባቸው ያኔ ነው። እነሱን የሚያስቸግራቸው በጋው ነው።

መልስ 22 እና ከዚያ በኋላ

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሌላ ጎዳና ሄደ። አንዷ በሶብላዋ በአንድ ሌሊት ጥቁር መሆኑን ጻፈች። በሶብላ ውርጭ ጭራሽ እንደማይችል፣ ከውርጭ በፊት ዘለላውን ቆርጦ ማድረቅ ብቻ እንደሚያዋጣ ተነገራት። ጤና አዳም ግን ዓመት ዓመት እዚያው እንደሚከርም፣ ሚኒሶታ ድረስ የሞከሩት እንዳሉ ብዙዎች መሰከሩ። ስለ ጤና አዳምና ቡና ብቻ ብዙ መልስ ተጻፈ። አንዱ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ቆጣ ብሎ ጻፈ፣ ማንም አልሰማውም።

አጋዘንን ያነሳው ሰው ነው ወደ ጓሮ የመለሰን። ታኅሣሥ ላይ ጫካው ባዶ ሲሆን አጋዘን ወደ ግቢ ይገባል። ኮላርዱን ግንዱ ብቻ አስቀርቶለት ሄዷል። እዚህ ላይ ክርክር አልነበረም፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሁላችን የምናውቀው ጉዳይ ነው። ከሰው ቁመት ከፍ ያለ መረብ ካልሆነ ሌላው መድኃኒት ሁሉ ለሳምንት ነው። ጎመኑን ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ዳር ላይ መትከል ትንሽ ይረዳል።

ድንብላልን ያነሳው ደግሞ የፌርፋክሱ ሰው ነው። መስከረም ላይ ተዘርቶ እንደ ቆስጣው መሬት ላይ ተለጥፎ ይከርማል። ሚያዝያ ላይ አብቦ ዘር ይሰጣል። ስፕሪንግ ላይ የተዘራ ድንብላል ግን ቅጠል ሳይዝ ሙቀት ስለሚያገኘው ወዲያው ያብባል። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ድንብላል እዚህ አገር አይሆንም ብለው ትተውታል።

የመጨረሻዎቹ መልሶች

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ያደረግኩትን ጻፍኩላቸው። አንደኛው መደብ ላይ የቬትስ ኮላርድና የሬድ ራሺያን ኬል ችግኝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገብቷል፣ አሁን ጉልበት ደርሷል። ሁለተኛው ላይ ቆስጣ በሁለት ዙር ተዘርቷል፦ የመስከረም መግቢያው ለታኅሣሥ፣ የመስከረም መጨረሻው ለዐቢይ ጾም። ሦስተኛው ሙሉውን ነጭ ሽንኩርት ነው። አራተኛው ግማሹ ድንብላል፣ ግማሹ ባቄላ። ባቄላው ላይ ሽቦውን ከአሁኑ ተክያለሁ፣ ጨርቁ ቤት ውስጥ ተጣጥፎ ይጠብቃል። የሜሪላንድ ቀይ ሸክላ አፈር ዊንተር ላይ ውሃ ስለሚይዝ የነጭ ሽንኩርቱን መደብ በኮምፖስት ከፍ አድርጌዋለሁ። ሥሩ የሚበሰብሰው በብርድ ሳይሆን በውሃ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት ኬሉን ልቡን ሳልነካ ከታች ወደ ላይ እንድቆርጥ አሳሰቡኝ። የአትክልት አምራቹ ወንድም ባቄላውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ በጽሑፍም ቢሆን ያስታውቃል። ጨርቁን ግን ከዜሮ በታች ከ5 ዲግሪ ሲያልፍ ብቻ እንጂ ለትንሽ ውርጭ እንዳላለብስ መከረኝ። ተክሉ ቀስ በቀስ ብርድ መልመድ አለበት።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ ግቢ እንደሌላት፣ ዲሲ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖር ጽፋ በረንዳ ላይ ምን ማድረግ እንደምትችል ጠየቀች። የመለሰላት የደብረ ብርሃኑ አባት ናቸው። ድስት የምታህል ሳይሆን ትልቅ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያላት ማሰሮ እንድትፈልግ ነገሯት። ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ያለ አፈር ከመሬት ይልቅ ቶሎ በረዶ ይሆናል፣ ሥሩ ይሞታል። በረንዳው ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ማሰሮውን ግድግዳው ላይ እንድታስጠጋ። አሁን ጥቅምት ላይ ከሆነች ጎመኑ አልፏታል፤ ስድስት ሰባት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ትትከል። አፈሩ በረዶ ባልሆነበት ቀን ጣቷን ከትታ ደርቆ ካገኘችው ውሃ ትስጠው። ቅጠሉን ስፕሪንግ ላይ ከአንዱ ሁለት እየቆረጠች እንቁላል ውስጥ ብትጨምረው እንደማይጎዳውም ጨመሩላት። እሷም ፍሬው ከየት እንደሚገዛ ጠየቀች፣ የፍሬድሪኳ እህት ከራሷ ምርት አንድ ራስ ልታደርስላት ቅዳሜ ቀጠሩ።